ስለ ዋይፋይና ስለ ግድግዳ

ረቂቁ የሬዲዮ ሞገድ፣ ስኮትላንዳዊው ሊቅ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1865 መኖሩን በስሌት ካስረዳለትና ጀርመናዊው ሃይንሪክ ኸርዝ ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይቶ በቤተ ሙከራው በግብር ከገለጠው ወዲህ፣ ባሕርና የብስ ተሻግሮ ቃልን ከአህጉር ወደ አህጉር ሲያደርስ ኖሯል፤ ይሁን እንጂ ያው ሞገድ ዋይፋይ ተብሎ በአንድ ትልቅ ሕንፃ ሲሠራ፣ ጥቂት ክፍሎች አልፎ ለመሄድ ሲሳነው እናያለን።

ዋይፋይ በብዛት ከሚጠቀምባቸው ሁለት መስመሮች፣ የ2.4 ጊጋኸርዙ ሞገድ 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ የ5 ጊጋኸርዙ ደግሞ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ አጭሩ ሰፊ ጎዳና ስላለው ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ላይ ግን ቶሎ ይደክማል። እንጨትና ጂፕሰም ብዙም አይከለክሉትም፤ ብሎኬት ያዳክመዋል፤ ፌሮ የታሠረበት ኮንክሪት ክፉኛ ይጎዳዋል፤ የሊፍት ጉድጓድና የብረት በር ወደ መጣበት ይመልሱታል። ኃይሉን በእኩሌታ የሚቀንስ ግድግዳ ሁለት ቢሆን ሩቡ፣ ሦስት ቢሆን ስምንተኛው እጅ ብቻ ይተርፋል። ውኃም ሞገዱን ይመጠዋል፤ የሰውም ገላ አብዛኛው ውኃ ነውና፣ ባዶውን ተፈትኖ የተመሰገነ አዳራሽ፣ ጉባኤው ሞልቶ በተቀመጠ ጊዜ ይዳከምበታል።

የሕንፃ ባለቤቶች ለዚህ ችግር የሚሹት የመጀመሪያ መድኃኒት ኃይለኛ ራውተር መግዛት ነው፤ እርሱም ከስርቆት እንዲጠበቅ በብረት ቁምሳጥን ሲቆለፍበት አይተናል፣ ይህም መብራት አብርቶ እንቅብ እንደ መድፋት ነው። ቁምሳጥኑ ቢቀር እንኳ ነገሩ ከንቱ ነው፤ ምክንያቱም በራውተሩና በስልኩ መካከል ያለው ንግግር የሁለት ወገን ሲሆን፣ ስልኩ በትንሽ ባትሪ የሚኖር ድምፀ ደካማ ፍጥረት በመሆኑ፣ የራውተሩን ቃል እየሰማ የራሱን መልስ ማሰማት ይሳነዋል፤ የሲግናሉ ምልክት ሞልቶ ሳለ ገጹ አንዳንዴ አልከፈት የሚለው ስለዚህ ነው። ሲግናሉን ተቀብሎ የሚደግመው ሪፒተርም ቢሆን የሰማውን በዚያው ቻናል መልሶ ሲናገር ጊዜውን ለሁለት ስለሚከፍል ፍጥነቱ በግማሽ ያህል ይወርዳል፤ ሲግናል በሌለበት ክፍል ከተተከለ ደግሞ የሚደግመው አንዳች ነገር የለውም።

እውነተኛው መፍትሔ፣ እንግዳ ነገር ቢመስልም፣ ሽቦ ነው። ኬብሎቹን ከሚያገናኘው ማዕከላዊ ስዊች እስከ 100 ሜትር ድረስ የኔትወርክ ኬብል ዘርግቶ፣ ኤሌክትሪኩንም በዚያው ኬብል ልኮ፣ ዋይፋዩን የሚያሰራጩትን አክሰስ ፖይንቶች ሰው በሚቀመጥበት ክፍል ጣራ ላይ በየፎቁ መትከል፣ ሁሉንም በአንድ ስም መሰየም፣ በ2.4ቱ መስመር ጎረቤታሞቹን እርስ በርስ በማይጋፉት በ1፣ በ6 እና በ11 ቻናሎች መደልደል ይገባል፤ የእያንዳንዱንም ጉልበት ከፍ ሳይሆን ዝቅ ማድረግ ይበጃል፣ አለዚያ ስልኩ ከሩቁ ጋር ተጣብቆ ቅርቡን ይንቃል። ቦታቸውን በግምት የሚወስን ባለሙያ ግን አትመኑ፤ በስልኩ እየዞረ በየክፍሉ ይለካ፣ የሲግናሉ ጉልበት ልኬትም ከዜሮ በታች 67 ዲቢኤም አካባቢ ሲሆን መልካም፣ ወደ 80 ሲወርድ ደካማ ነው።

እንግዲህ ሕንፃ በማስገንባት ላይ ያላችሁ፣ ሶሌታው ሳይሞላና ግድግዳው ሳይለሰን፣ የኬብሉን ቱቦ በየክፍሉ ጣራ ድረስ አስቀብሩ፤ በኋላ ግንብ ከማስፈልፈል ወጪው እጅግ ያነሰ ነው።