ሿሚና ተሿሚ፦ የኖርፎክ ደሴት አስተዳዳሪ

«አስተዳዳሪው ተሾመ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ግሡ ተደራጊ ስለ ሆነ፣ የተሾመው ይታወቃል እንጂ ሿሚው አይታወቅም። ስለዚህ አስተዋይ አንባቢ ሁለት ጥያቄዎች ያነሣል፤ የሾመው ማን ነው? ተጠሪነቱስ ለማን ነው? መልሱን በአንድ ምሳሌ እንመርምር።

ኖርፎክ ከአውስትራሊያ በስተምሥራቅ በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ የምትገኝ፣ ስፋቷ 35 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ደሴት ናት። ከነዋሪዎቿ ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1856 ከፒትኬርን ደሴት መጥተው የሰፈሩት ሰዎች ተወላጆች ናቸው። ደሴቲቱ ከ1914 ጀምሮ በአውስትራሊያ ፌዴራል መንግሥት ሥር ያለች ግዛት ናት፤ ነገር ግን እንደ ቪክቶሪያ የፌዴሬሽኑ ሙሉ አባል አይደለችም።

የደሴቲቱን አስተዳዳሪ የሚሾመው የአውስትራሊያ ጠቅላይ ገዥ ሲሆን፣ ሹመቱም የሚፈጸመው በፌዴራሉ መንግሥት ምክር ነው። አስተዳዳሪው በደሴቲቱ የማዕከላዊው መንግሥት እንደራሴ ነው። ሥራው ሁለት ወገን አለው፤ በአንድ በኩል የመንግሥትን ውሳኔ ለሕዝቡ ያደርሳል፤ በሌላ በኩል የሕዝቡን አቤቱታ ለመንግሥት ያሰማል።

በ1979 በወጣው ሕግ ደሴቲቱ ዘጠኝ ተመራጮች ያሉበት ሕግ አውጪ ምክር ቤት አገኘች። በዚያ ዘመን አስተዳዳሪው በብዙ የውስጥ ጉዳዮች የሚሠራው በተመራጮቹ ምክር ነበር። ይሁን እንጂ የደሴቲቱ ገቢ ወጪዋን መሸፈን ስላቃተው፣ የአውስትራሊያ ፓርላማ በ2015 ምክር ቤቱ እንዲፈርስ ወሰነ። ከ2016 ጀምሮ ነዋሪዎቹ ለፌዴራሉ መንግሥት የገቢ ግብር መክፈል ጀመሩ፤ በአንጻሩም የሕክምናና የማኅበራዊ ድጎማ ተጠቃሚዎች ሆኑ። ጥቅሙን በደስታ የተቀበሉ ነበሩ፤ ፈቃዳችን ሳይጠየቅ ራሳችንን የማስተዳደር መብታችን ተወሰደ ብለው የተቃወሙም ብዙዎች ናቸው።

ከዚህ ምን እንማራለን? ተሿሚ ቅን፣ ትጉህና አዋቂ ሊሆን ይችላል። ሕዝቡ ግን ቢከፋበት በድምፁ ሊያወርደው አይችልም፤ የሚሽረው የሾመው ነውና። ተመራጭ ግን የምርጫው ዘመን ሲደርስ መራጩ ፊት ይቆማል። በሹመትና በምርጫ መካከል ያለው ዋናው ልዩነት ይህ ነው።

እናንተም «ሾመ»፣ «ሻረ» እና «መረጠ» የሚሉትን ግሦች በአድራጊና በተደራጊ መልክ እየተጠቀማችሁ፣ ሕክምናና ድጎማ የራስን ምክር ቤት ማጣት ይክስ እንደ ሆነ ሐሳባችሁን በአንድ አንቀጽ አስረዱ።