ተንቀሳቃሹን የሚከተል ማስክ

ማስክ በቪዲዮ ቅንብር ውስጥ የምስሉን አንድ ክፍል ከቀረው የሚለይ ዝግ መስመር ነው። በመስመሩ ውስጥ ያለው ይሸፈናል፣ ቀለሙ ይለወጣል ወይም በሌላ ምስል ይተካል፤ ከመስመሩ ውጭ ያለው እንዳለ ይቀራል። በዜና ላይ ፊቱ የደበዘዘ ምስክር፣ ታርጋው የማይነበብ መኪና፣ በድራማ ውስጥ ተዋናይዋ በያዘችው ስልክ ላይ በኋላ የተለጠፈ መልእክት በማስክ ይሠራሉ። በቆመ ነገር ላይ ማስክ ማበጀት የደቂቃ ጉዳይ ነው። ሰውዬው መራመድ ወይም ካሜራው መዞር ሲጀምር ግን መስመሩ ባለበት ይቀርና ፊቱ ከሽፋኑ ሾልኮ ይወጣል። ትራኪንግ የምስሉን እንቅስቃሴ እየለካ ማስኩን አብሮ የሚያስጉዝ ዘዴ ነው።

ከኮምፒውተር በፊት የነበረው አማራጭ እያንዳንዱን ፍሬም በእጅ መሳል ነበር። ማክስ ፍላይሸር አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1915 የፈጠራ መብት ጠይቆ በ1917 ያገኘበት ሮቶስኮፕ፣ ፊልሙን በመስታወት ላይ እያበራ ሠዓሊው የተዋናዩን ቅርጽ ፍሬም በፍሬም እንዲቀዳ ያስችል ነበር። ኮኮ የተባለው የካርቱን ገጸ ባሕርይ የተቀዳው የፍላይሸር ወንድም ዴቭ የሰርከስ ቀልደኛ ልብስ ለብሶ ከተቀረጸው ፊልም ነው። ይኸው አሠራር በኋላ ምስልን ከምስል ለመለየት ዋለ፤ ዛሬም ባለሙያዎች ማስክን በእጅ መሳልን «ሮቶ» ይሉታል። ድካሙ በቁጥር ሲታይ ግልጽ ይሆናል። ኢትዮጵያን ጨምሮ የኤሌክትሪክ ኃይላቸው 50 ኸርዝ በሆነ አገሮች የተለመደው የቴሌቪዥን ምስል በሴኮንድ 25 ፍሬም ስለሆነ፣ የ10 ሴኮንድ ትዕይንት 250 ሥዕል ይጠይቃል።

ከዛሬው የትራኪንግ ስሌት መነሻዎች አንዱ ብሩስ ሉካስና ታኬዎ ካናዴ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጡት ጥናት ነው። በትራኪንግ ሶፍትዌር ላይ ሥራው የሚጀምረው አንዱ በሌላው ውስጥ ባሉ ሁለት ሳጥኖች ነው። ትንሹ ሳጥን መከተል ያለበትን የፒክሰል ቁራጭ ይይዛል፤ ትልቁ በሚቀጥለው ፍሬም ፍለጋው የት ድረስ እንደሚሄድ ይወስናል። ሶፍትዌሩ በትልቁ ሳጥን ውስጥ ካሉት ቁራጮች ከመጀመሪያው ጋር በጣም የሚመሳሰለውን ይመርጣል፤ ቦታውንም ከአንድ ፒክሰል ባነሰ ልዩነት ያሰላል። ዓይንን ዓይን፣ በርን በር ብሎ አያውቀውም፤ የሚያወዳድረው የብርሃንና የቀለም ቁጥሮችን ብቻ ነው። ጀማሪውን የሚያታልለውም ይኸው ነው፤ ለሰው ጎልቶ የሚታየው ነገር ለስሌቱ ባዶ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የሥራው ግማሽ የሚያልቀው ነጥብ ሲመረጥ ነው። የነጭ ግድግዳ መካከል ምንም አይነግርም፤ የትኛውም ቁራጩ ሌላውን ይመስላልና። በሰማይ ላይ የተዘረጋ ሽቦም ግማሽ መልስ ብቻ ይሰጣል፦ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ ይታወቃል፣ ወደ ርዝመቱ አቅጣጫ መንሸራተቱ ግን አይለይም። የሚታመነው ሁለት ጠርዞች የሚገናኙበት ማዕዘን ነው። ጂያንቦ ሺና ካርሎ ቶማሲ እ.ኤ.አ. በ1994 ለመከተል የሚመች ነጥብ እንዴት እንደሚለይ በሒሳብ አሳይተዋል። ፊት ላይ የአፍንጫ ቀዳዳ ወይም በአፍንጫ በኩል ያለው የዓይን ጥግ ከጉንጭ ይሻላል፤ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ከጨርቁ መሐል ይሻላል።

የነጥቦቹ ቁጥር የሚገኘውን መረጃ ይወስናል። አንድ ነጥብ ቦታን ብቻ ይሰጣል። ሁለት ነጥቦች መዞርንና መቅረብ መራቅንም ይጨምራሉ። አራት ነጥቦች የጠፍጣፋ ገጽን ጋደል ማለት ስለሚያሳዩ ቢልቦርድ ወይም የቴሌቪዥን ስክሪን ለመተካት ይበቃሉ፤ ችግሩ ከአራቱ አንዱ ሲሸፈን ሁሉም መበላሸቱ ነው። ሞካ የተባለው ሶፍትዌር ነጠላ ነጥቦችን ትቶ የገጹን አጠቃላይ መልክ ስለሚከተል ከፊሉ ቢሸፈንም መንገዱን በቀላሉ አይስትም። የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2013 ለሠሪዎቹ የሳይንስና ቴክኒክ ሽልማት ሰጥቷቸዋል።

ሥራውን ከሁሉ በላይ የሚያቀልለው እንቅስቃሴንና ቅርጽን ለይቶ መያዝ ነው። ትራኪንግ የሚደረግበት ቦታና ማስኩ የሚቀመጥበት ቦታ አንድ መሆን የለባቸውም። የስልክ ስክሪን ነጸብራቁ ስለሚለዋወጥ ለመከተል አይመችም፤ ዙሪያው ያለው ጠርዝ ግን ይመቻል። ስለዚህ ጠርዙ ይለካል፣ ማስኩ ስክሪኑ ላይ ይሆናል። የሚራመድ ሰውም በአንድ ማስክ አይያዝም፤ አንዱ እጁ ወደ ፊት ሲሄድ ሌላው ወደ ኋላ ይላል። ራስ፣ ደረት፣ ክንድ፣ እጅ በየራሳቸው ማስክ ይከፈላሉ፣ እያንዳንዱም የራሱን እንቅስቃሴ ይከተላል። ለሠሪው የሚቀረው ቅርጹ በእውነት የተለወጠበት ፍሬም ላይ ብቻ ኪፍሬም (የመስመሩ ቅርጽ የሚመዘገብበት ምልክት) አድርጎ መስመሩን ማስተካከል ነው። ይህም በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፍሬም ተጀምሮ፣ ቀጥሎ መሐሉ፣ ከዚያ የመሐሉ መሐል እየታየ ቢሠራ ይመረጣል። በየፍሬሙ የሚነካ መስመር መንቀጥቀጡ አይቀርም።

ትራኪንግ የሚበላሸው በአብዛኛው በድንገት አይደለም። በየፍሬሙ የምታጋጥም ኢምንት ስሕተት ትጠራቀምና ነጥቡ ቀስ በቀስ ከቦታው ይሸሻል። ሰው በፊቱ ሲያልፍ፣ ፈጣን እንቅስቃሴ ምስሉን ሲያደበዝዝ፣ መብራት ሲቀየርም ነጥቡ ሊጠፋ ይችላል። መድኃኒቱ ነጥቡ በደንብ ከሚታይበት ፍሬም ተነሥቶ ወደ ፊትም ወደ ኋላም መከተል፣ ሲሸፈንም አጠገቡ ወዳለ አብሮት ወደሚሄድ ነጥብ ማዛወር ነው። በጨለማ በተቀረጸ ቪዲዮ ሰማያዊው የቀለም ቻናል ብዙውን ጊዜ ከሌሎቹ ይበልጥ ስለሚረበሽ፣ በአረንጓዴው ወይም በቀዩ ላይ መሥራት ይሻላል።

የተሳካ ትራኪንግ እንኳ በጠርዙ ሊጋለጥ ይችላል። በካሜራ የተቀረጸ የሰውነት ጠርዝ እንደ ምላጭ የተሳለ አይደለም፤ ስለዚህ የማስኩ ዳር በጥቂት ፒክሰል ይለሰልሳል። እጅ በፍጥነት ሲወራጭም ማስኩ እኩል መደብዘዝ አለበት። ማንነትን ለመሰወር ሲሆን ግን ሕጉ ይገለበጣል። እዚያ የማስኩ ማማር ሳይሆን መስፋት ነው የሚፈለገው። ተመልካች ቪዲዮውን ማቆም ስለሚችል በአንድ ፍሬም የታየ ፊት እንደተገለጠ ይቆጠራል፤ ስስ ብዥታም ከድፍን ሽፋን ያነሰ ዋስትና አለው።

አዳዲሶቹ መሣሪያዎች ነገሩን ራሱን ወደ መለየት አልፈዋል። አዶቤ እ.ኤ.አ. በ2010 በአፍተር ኢፌክትስ ሮቶ ብራሽን አስገባ፤ ዳቪንቺ ሪዞልቭ በ2020 ማጂክ ማስክን ጨመረ፤ የሜታ ሳም 2 በ2024 በአንድ ጠቅታ የተመረጠን ነገር በቪዲዮው ሁሉ መከተል ቻለ። ያለ ክፍያ መማር ለሚፈልግ ብሌንደር እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ትራኪንግንም ማስክንም አንድ ላይ ይዟል። ፀጉር፣ ጭስና ብርጭቆ አዳዲሶቹን መሣሪያዎች አሁንም ያስቸግራሉ፤ ጠርዛቸውም ከፍሬም ፍሬም ይርገበገባል። ማንነቱ የሚሰወር ሰው ያለበት ቪዲዮ በየትኛውም መሣሪያ ቢሠራ፣ ከመተላለፉ በፊት ፍሬም በፍሬም በሰው ዓይን መታየት አለበት።