አረቄ ለማቆም ስብሰባ ብቻ አይበቃም

ሰሞኑን አንድ አባት እኔ ዘንድ መጡ። የቡናውን ስኒ በሁለት እጃቸው ይዘውት እንኳ ይፈስባቸው ነበር። «ዶክተር፣ ከዛሬ ጀምሮ አረቄ በቃኝ፤ የሚያግዘኝ ማኅበር አሳየኝ» አሉኝ።

ብዙዎቻችሁም የምትጠይቁኝ ይህንኑ ነው። ግን ቀድሞ የሚመጣው ሕክምናው ነው። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት አንቀጥቅጦ ሊጥለው፣ ሊያቃዠው፣ ሊገድለውም ይችላል። እባካችሁ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት።

ከዚያ ስብሰባው። መጠጥ ለማቆም የሚፈልጉ ሰዎች እየተሰበሰቡ የሚተጋገዙበት ማኅበር፣ አልኮሊክስ አኖኒመስ፣ በ1935 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ አክሮን ከተማ ሲጀመር ሁለት ጠጪዎች ብቻ ነበሩ። የአባልነት ክፍያ የለውም፣ ስም አይወጣም፤ መስፈርቱ ለማቆም መፈለግ ነው። አቅራቢያችሁ ካላገኛችሁ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ጀምሩ፤ በስልክ የምትገቡባቸውም አሉ።

የስብሰባው ቦታም ይታሰብበት። ለምሳሌ አርሲ ነገሌ ውስጥ አረቄ ማውጣት የብዙ እናቶች እንጀራ ነው፤ አልወቅሳቸውም። ለስብሰባ ግን ሽታው የማይደርስበት ግቢ፣ ሲመለሱም በአረቄ ቤት ደጅ የማያሳልፍ መንገድ ምረጡ። «መድኃኒትህን ጣል» የሚል ወይም ሰው የሚያዋርድ ስብሰባ ካጋጠማችሁ ተዉትና ሌላ ሞክሩ።

ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ፤ በአደባባይ መጠየቅ የከበዳችሁ በውስጥ መስመር።