በመስክ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍ ያለ መጠን ያለው ጎማና ቸርኬ ከመግጠም በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

የመስክ ተሽከርካሪ (በተለምዶ ጂፕ ወይም ኤስዩቪ የሚባለው) ያላቸው በርካታ ባለንብረቶች ከፋብሪካ አብሮ የመጣውን ጎማና ቸርኬ በሌላ፣ ተለቅ ባለ መጠን ይተካሉ። ለዚህም የሚቀርቡት ምክንያቶች የተሽከርካሪውን ከመሬት ያለውን ከፍታ መጨመር፣ በጭቃና በድንጋያማ መንገድ በቀላሉ መጓዝ እንዲሁም የተሽከርካሪውን ገጽታ ማሳመር ናቸው። ፍላጎቱ በራሱ ስሕተት የለበትም። ይሁን እንጂ ከተሽከርካሪው ክፍሎች ሁሉ መንገዱን የሚነካው ጎማ ብቻ በመሆኑ፣ በመጠኑ ላይ የሚደረግ ለውጥ ፍሬንን፣ መሪን፣ የፍጥነት መለኪያንና የተሽከርካሪውን ሚዛን ይነካል። ይህ መረጃ ባለንብረቶች ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት በቂ ግንዛቤ ኖራቸው እንዲወስኑ ለማገዝ የተዘጋጀ ነው።

1. የጎማ መጠን እንዴት ይነበባል?

በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን መለያ በምሳሌ እንመልከት። 265/65 አር 17 112 ኤስ የሚል ጎማ በአገራችን በብዛት በሚታዩት የቶዮታ ፕራዶ ተሽከርካሪዎች ላይ ከሚገኙት መጠኖች አንዱ ነው። ትርጉሙም የሚከተለው ነው፦

• 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፤
• 65 የጎማው ጎን ቁመት ከስፋቱ ጋር ሲነጻጸር በመቶኛ፤
• አር የጎማው ውስጣዊ አሠራር ራዲያል መሆኑን የሚያመለክት ፊደል፤
• 17 ጎማው የሚቀመጥበት ቸርኬ ዲያሜትር በኢንች፤
• 112 የመሸከም አቅም መለያ ሲሆን፣ አንዱ ጎማ እስከ 1,120 ኪሎ ግራም እንደሚሸከም ያሳያል፤
• ኤስ ጎማው የሚፈቅደው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር መሆኑን ያመለክታል።

2. ለውጡ በቁጥር ሲሰላ

ከላይ የተጠቀሰው ጎማ ጠቅላላ ቁመት 776 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ባለንብረቱ በዚሁ ባለ 17 ኢንች ቸርኬ ላይ 285/70 አር 17 ቢገጥም፣ ቁመቱ ወደ 831 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ልዩነቱ 55 ሚሊ ሜትር ገደማ ወይም 7 በመቶ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነጥብ አለ። ተሽከርካሪው ከመሬት ከፍ የሚለው በጠቅላላው ልዩነት ሳይሆን በግማሹ ነው፤ ምክንያቱም የጎማው ግማሽ ከማዞሪያ ዘንጉ በላይ ይቀራል። በመሆኑም በዚህ ምሳሌ የሚገኘው ተጨማሪ ከፍታ 27 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከሦስት ሳንቲ ሜትር በታች ነው። ባለንብረቱ ይህ ጥቅም ቀጥሎ ከሚዘረዘሩት ለውጦች ጋር ሲመዛዘን ተገቢ መሆኑን ሊያጤን ይገባል።

3. የፍጥነትና የርቀት መለኪያ ላይ የሚኖረው ተጽዕኖ

የፍጥነት መለኪያው የሚሠራው ጎማው ስንት ጊዜ እንደዞረ በመቁጠር ነው። ተለቅ ያለ ጎማ በአንድ ዙር የሚሸፍነው ርቀት የበለጠ ስለሆነ፣ መለኪያው ከእውነተኛው ያነሰ ፍጥነት ያሳያል። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ መሠረት፣ መለኪያው አስቀድሞ ትክክለኛውን ፍጥነት ያሳይ ከነበረ፣ ከለውጡ በኋላ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲያሳይ ተሽከርካሪው ከ85 ኪሎ ሜትር በላይ፣ 100 ሲያሳይ ደግሞ 107 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። አሽከርካሪው የፍጥነት ወሰኑን እንዳከበረ እያሰበ ሊጥስ ይችላል ማለት ነው።

የርቀት መቁጠሪያውም እንዲሁ ያሳንሳል። የሞተር ዘይት በ5,000 ኪሎ ሜትር የሚቀየር ከሆነ፣ ቆጣሪው 5,000 ሲሞላ ተሽከርካሪው 5,350 ኪሎ ሜትር ተጉዟል።

4. ፍሬን፣ ጉልበትና መረጋጋት

ፍሬኑ የተነደፈው ለፋብሪካው የጎማ መጠን ነው። የጎማው ቁመት በ7 በመቶ ሲጨምር፣ ፔዳሉ በተመሳሳይ ኃይል ቢረገጥ እንኳ ጎማው መንገዱ ላይ የሚያሳድረው የማቆም ኃይል በ6.5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ትልቅ ጎማ በአብዛኛው ክብደቱም ስለሚጨምር፣ እየዞረ ያለውን ጎማ ለማቆም ፍሬኑ የበለጠ ይሠራል፣ የበለጠም ይግላል። ይህ ልዩነት በከተማ ውስጥ ላይታይ ይችላል፤ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ወይም በሊማሊሞ ቁልቁለት ሙሉ ጭነት ይዞ ለሚወርድ አሽከርካሪ ግን ሕይወትን የሚመለከት ጉዳይ ይሆናል። በዳገት ላይ ደግሞ በተቃራኒው ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ የነዳጅ ፍጆታም ሊጨምር ይችላል።

ከዚህም ሌላ ተሽከርካሪው ከፍ ሲል የክብደቱ ማዕከል አብሮ ከፍ ይላል። የመስክ ተሽከርካሪ ከቤት አውቶሞቢል ይልቅ በባሕርይው ለመገልበጥ የተጋለጠ በመሆኑ፣ በተለይ በጣራ ላይ ዕቃ የሚጭኑ ባለንብረቶች በመታጠፊያዎች ላይ ፍጥነታቸውን መቀነስ ይገባቸዋል።

5. ቸርኬ ሲቀየር ሊመሳከሩ የሚገባቸው ልኬቶች

የቸርኬው የዲያሜትር ቁጥር መመሳሰሉ ብቻውን በቂ አይደለም። የሚከተሉት አራት ነገሮች መረጋገጥ አለባቸው፦

ሀ. የቡሎን ብዛትና ርቀት። ለምሳሌ የፕራዶ 150 ቸርኬ በ139.7 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ የተደረደሩ ስድስት ቀዳዳዎች ሲኖሩት፣ የላንድ ክሩዘር 200 ቸርኬ ግን በ150 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ አምስት ቀዳዳዎች አሉት። የአንዱ ቸርኬ ለሌላው አይሆንም፤ ቀዳዳ በማስፋት ለማስገባት መሞከርም እጅግ አደገኛ ነው።

ለ. የመሐል ቀዳዳ ስፋት። ቀዳዳው ከሚቀመጥበት እምብርት ከጠበበ ቸርኬው አይገባም፤ ከሰፋ ደግሞ መሐሉን ስለማይጠብቅ በጉዞ ወቅት መሪ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል።

ሐ. ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ የመውጣት መጠን። ቸርኬው ጎማውን ከፋብሪካው አቀማመጥ ወደ ውጭ ሲያወጣው በኩሽኔታና በመሪ አካላት ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል፤ ጎማው ከፓራፋንጎው አልፎ ሲወጣም ጠጠርና ጭቃ በእግረኛና በሌሎች ተሽከርካሪዎች ላይ ይረጫል።

መ. የዳዶው መቀመጫ ቅርጽ። ሾጣጣ መቀመጫ ያለው ዳዶ ለጠፍጣፋ መቀመጫ በተሠራ ቸርኬ ላይ፣ ወይም በተቃራኒው፣ ከታሰረ በጉዞ ላይ ሊላላ ይችላል።

6. ቸርኬው ብቻ ሲተልቅ

አንዳንድ ባለንብረቶች የጎማውን ጠቅላላ ቁመት ሳይለውጡ ቸርኬውን ብቻ ያተልቃሉ። 265/60 አር 18 እና 265/50 አር 20 ቁመታቸው ከ265/65 አር 17 ጋር ተቀራራቢ በመሆኑ የፍጥነት መለኪያውን እምብዛም አያዛቡም። ነገር ግን የጎማው ጎን ቁመት ከ172 ሚሊ ሜትር፣ ለባለ 18 ኢንቹ ወደ 159፣ ለባለ 20 ኢንቹ ደግሞ ወደ 133 ሚሊ ሜትር ገደማ ይቀንሳል። የመንገዱን ጉድጓድና ድንጋይ የሚቋቋመው ይህ ጎን ስለሆነ፣ ሲያጥር ቸርኬ የመጣመምና ጎማ የመቀደድ ዕድሉ ይጨምራል። በኮረኮንች መንገድ ለሚጓዝ ተሽከርካሪ ይህ ምርጫ አይመከርም።

7. የመሸከም አቅምና የምርት ዘመን

አዲሱ ጎማ የመሸከም አቅም መለያው በተሽከርካሪው አምራች ከተመከረው በፍጹም ማነስ የለበትም። ለምሳሌ 112 በሚጠይቅ ተሽከርካሪ ላይ 104 የሚል ጎማ ቢገጠም፣ የእያንዳንዱ ጎማ አቅም ከ1,120 ወደ 900 ኪሎ ግራም ይወርዳል።

የምርት ዘመኑ ዶት ከሚለው ምልክት ጋር በተጻፉት የመጨረሻ አራት አኃዞች ይታወቃል። 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው። ይህ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆኑ መዘንጋት የለበትም፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዓመቱ 2011 ዓ.ም. ነው። ቁጥሩን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያነብ ገዢ ያረጀውን ጎማ ከእውነተኛው ዕድሜው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት አዲስ አድርጎ ይገምተዋል።

8. ከተገጠመ በኋላ የሚደረግ ፍተሻ

• መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተጠምዝዞ፣ ተሽከርካሪውም ጭነት ይዞ፣ ጎማው ከፓራፋንጎ፣ ከፍሬን ቱቦ ወይም ከሌላ አካል ጋር አለመነካካቱ ይታይ።
• ባላንስና አላይመንት ይሠራ።
• ዳዶዎቹ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዙ በኋላ እንደገና ይጥበቁ።
• የጎማ ግፊት ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ይለካ። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ግፊት የሚመከረው የሥራ ግፊት አለመሆኑ ይታወቅ።
• አራቱም ጎማዎችና ተቀያሪው ጎማ (ስኮርታ) አንድ መጠን ይሁኑ። በቋሚነት በአራቱም ጎማ በሚነዳ ተሽከርካሪ ላይ የተለያየ መጠን ያላቸው ጎማዎች ማሽከርከር ዲፈረንሻሉን ይጎዳል።

9. ከምዝገባ፣ ከዓመታዊ ምርመራና ከመድን ጋር በተያያዘ

የጎማ ወይም የቸርኬ መጠን ለመለወጥ ያሰበ ባለንብረት አስቀድሞ ሊብሬውን ይዞ ተሽከርካሪው ወደተመዘገበበት የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በመቅረብ፣ ያሰበው ለውጥ የሚፈቀድ ስለመሆኑና ለዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ (ቦሎ) እንቅፋት ስለአለመሆኑ ቢጠይቅ ይመረጣል። ለውጡን ለመድን ሰጪው ድርጅት በጽሑፍ ማሳወቅም አደጋ በደረሰ ጊዜ ሊነሳ የሚችልን ክርክር ይቀንሳል። የመጀመሪያዎቹ ጎማዎችና ቸርኬዎች ለውጡ ተቀባይነት ማግኘቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንዳይሸጡ ይመከራል።

በአጠቃላይ፣ በአሽከርካሪው በር ምሰሶ ላይ ወይም በመመሪያ መጽሐፉ ውስጥ ከተዘረዘሩት መጠኖች አንዱን መምረጥ ከሁሉም የተሻለው አማራጭ ነው። ከዚያ ውጭ የሆነ ምርጫ ሲደረግ ልኬቱን አስቀድሞ ማስላት፣ በዘርፉ የሠለጠነ ባለሙያ ማማከርና የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት መጠየቅ የራስን፣ የተሳፋሪንና የእግረኛን ሕይወት ከአደጋ ይጠብቃል።