ጊምቢ ሐረርጌ እንዳትገባባችሁ፦ የእጅ ጂፒኤስ ትውውቅ

ነቀምቴ ውስጥ የእጅ ጂፒኤስ አይቶ የማያውቅ የመስክ ሠራተኛ ማግኘት ይከብዳል። የመሬት አስተዳደር ባለሙያው በደረት ኪሱ ሸጉጦት ይወጣል፤ የውሃ ባለሙያው ምንጭ ሊያጎለብት ሲሄድ ይይዘዋል፤ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለመመረቂያ ጥናቱ ፈርሞ ይዋሰዋል። የሚያውቀው ብዙ፣ የሚያከብረው ግን ጥቂት ነው። ዘመናዊ ስልክ ከመጣ ወዲህማ ጭራሽ ተረስቶ፣ በየቢሮው መሳቢያ ውስጥ የባትሪ ድንጋይ ፈሶበት ይገኛል። ይኼ ግፍ ነው። እዚሁ ነቀምቴ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ቡና ስንጠጣ “የትኛውን ጂፒኤስ ልግዛ?” የሚለኝ ሰው አይጠፋም፤ መልሴ ለአንድ ስኒ ስለሚረዝም በጽሑፍ አደረግሁት።

አሠራሩን ሁሉም ስለሚያውቀው ብዙ አልልበትም። 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች ቢያንስ የአራቱን ምልክት ተቀብሎ ያለበትን ቦታ ያሰላል። ሲም ካርድ አይፈልግም፣ ወርሃዊ ክፍያ የለውም፣ ለማንም ወሬ አያቀብልም፤ መስማት ብቻ ነው ሥራው። አሜሪካ ለሲቪል ተጠቃሚው ምልክቱን ሆን ብላ ታዛባ ነበር፤ ያንን ያቆመችው ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ዛሬ ሜዳ ላይ ከ3 እስከ 5 ሜትር ገደማ ነው።

“ስልኬ ይበቃኛል” የሚሉ ሰዎች ግማሽ እውነት አላቸው እላለሁ። ስልክም ሳተላይት መቀበያ አለው፤ ካርታውን አስቀድሞ ለጫነ ሰው ያለ ኔትወርክም ይሠራል። ችግሩ ካርታውን አስቀድሞ የሚጭን ሰው አለመኖሩ ነው። በ2012 ዓ.ም. ወለጋን ጨምሮ በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ያህል ተቋርጦ በነበረ ጊዜ፣ ካርታው ባዶ ሆኖበት ነጭ ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ስንቱ ነው! ቢጫዋ ኢትሬክስ የእጅ ጂፒኤስ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ቁጥሯን ትቆጥር ነበር። ደግሞም ስልክ ማታ ቻርጅ ካልተደረገ ጠዋት ሬሳ ነው፤ መብራት በሌለበት ቀበሌ ሦስት ቀን መስክ ለሚያድር ሰው አይሆንም።

ስለዚህ ስትገዙ ከሁሉ በፊት የምትጎርሰውን ድንጋይ ተመልከቱ። ውስጧ ተበየዶ የቀረ ባትሪ ያላት ሳትሆን፣ ሁለት ደብል ኤ የባትሪ ድንጋይ የምትጎርሰዋ ናት ለእኛ አገር የተሠራች። ኢትሬክስ 10 በሁለት ድንጋይ እስከ 25 ሰዓት ትሠራለች ይላል አምራቹ ጋርሚን። የገጠር ሱቅ ጨውና ክብሪት ካለው ይህ ድንጋይ አለው። ርካሹ ግን በግማሽ ቀን ያልቃል፤ አልካላይን የሚል የተጻፈበትን ግዙ፣ ማሽኑ ላይም የባትሪውን ዓይነት በትክክል ሙሉ፤ አለበለዚያ የቀረውን መጠን ይዋሻችኋል። ከመስክ ስትመለሱ ድንጋዩን አውጡ። አውጡ ብያለሁ!

ሁለተኛው ቁልፍ ነው። የምትነካ ስክሪን ሱቅ ውስጥ ታምራለች፤ ሐምሌ ላይ ጭቃ በነካው ጣት፣ ዝናብ እየወረደባት ሞክሯትና ትነግሩኛላችሁ። ሦስተኛው አንቴና። ከነቀምቴ በስተምሥራቅ ያለው የኮምቶ ደን ውስጥ ገብቶ የሠራ ሰው፣ እርጥብ ቅጠል ምልክቱን እንዴት እንደሚበላ ያውቃል። እንደ ጋርሚን ጂፒኤስማፕ 64 እና 65 አናታቸው ላይ ጉጥ ያላቸው ማሽኖች ለእንዲህ ያለው ቦታ ይሻላሉ፤ 65 ደግሞ ሳተላይቶቹን በሁለት ሞገድ ስለሚሰማ ጫካና ገደል ውስጥ የተሻለ ይቆማል። ጉጥ ያለውን ቀጥ አድርጋችሁ፣ ኢትሬክስን ደግሞ ፊቷን ወደ ሰማይ አስተኝታችሁ ያዙ። ሆዱ ሥር ይዞ፣ በገዛ ሰውነቱ ግማሽ ሰማይ ጋርዶ፣ ማሽኑ ገና ሳይረጋ ፖይንት ወስዶ የሚሮጥ ባለሙያ አያለሁ። ሁለት ደቂቃ መቆም ማንን ገደለ?

ይኼን ሁሉ አስተካክላችሁ ብትመርጡም፣ አንዲት የሴቲንግ ገጽ ካልተከፈተች ገንዘባችሁ ውሃ በላው። የኔ ክርክር ሁሉ እዚህች ገጽ ላይ ነው። ሰው ስለ ሞዴልና ስለ ዋጋ ሰዓት ሙሉ ይከራከራል፤ ማሽኑ በየትኛው ዳተም (የካርታ ልኬት መነሻ) እና በየትኛው ዞን እንደሚያነብ ግን አይጠይቅም። በወለጋ ደግሞ ይህ ጥያቄ ከሞዴሉ ይበልጣል።

ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ በአውቶቡስ ስትሄዱ የመስኮቱን ወንበር ያዙና ማሽኑን ከመስታወቱ አስጠግታችሁ በዩቲኤም አንብቡ። ነቀምቴ ላይ ጥግ ላይ በትንሹ 37 ፒ ተጽፎ፣ ኢስቲንጉ (የምሥራቅ ቁጥሩ) 230 ሺህ ገደማ፣ ኖርዚንጉ (የሰሜን ቁጥሩ) 1 ሚሊዮን ከ5 ሺህ ገደማ ይላል። ወደ ምዕራብ በተጓዛችሁ ቁጥር ኢስቲንጉ እየወረደ ይሄዳል፤ 200 ሺህ፣ 190፣ 180። 170 ሺህ ገደማ ሲደርስ በአንድ ጊዜ 829 ሺህ ላይ ፊጥ ይላል። አንድ ጊዜ አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ቁጥሩን ሲከታተሉ ቆይተው፣

“ልጄ፣ ሚዛንህ ተበላሸ” አሉኝ።

“አልተበላሸም አባቴ፤ ወሰን ተሻግረን ነው።”

“የምን ወሰን?” ብለው በመስኮት አንገታቸውን አወጡ።

የሚታይ ወሰን የለም። ዩቲኤም ዓለምን በስድስት ስድስት ዲግሪ ስፋት 60 ቦታ ይከፍላታል፤ ዞን 36ንና ዞን 37ን የሚለየው 36 ዲግሪ ምሥራቅ የሚባለው መስመር ደግሞ ወለጋን መሀል ለመሀል ይሰነጥቃል። ነቀምቴ 37 ውስጥ ነች። ጊምቢ፣ ነጆ፣ መንዲ፣ ደምቢ ዶሎ 36 ውስጥ ናቸው። እያንዳንዱ ዞን ኢስቲንጉን ከራሱ መሀል መስመር ስለሚቆጥር፣ መስመሩን ስትሻገሩ ቁጥሩ ይዘላል። አዲስ አበባ ሆኖ ለሚሠራ ሰው ይህ ጣጣ አይታወቀውም፤ የሀገሪቱ ሰፊው መካከለኛ ክፍል 37 ውስጥ ስለሆነ፣ ብዙ ቢሮ ዞኑን መጻፍ እንኳ ትቶታል።

የሚከተለውን ተመልከቱ። ጊምቢ ላይ የቆመ ባለሙያ ኢስቲንግ 811 ሺህ ብሎ በደብተሩ ይጽፋል፤ ያቺን በጥግ ያለችውን 36 ፒ ግን ይተዋታል። ቁጥሩ ለአለቃው ይላካል፣ አለቃው በልማድ 37 ብሎ ኮምፒውተር ላይ ይጭነዋል። ጊምቢ ልክ ስድስት ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ትሸሻለች፤ ሄዳ የምታርፈው ምሥራቅ ሐረርጌ፣ ግራዋ አካባቢ ነው። የሚያናድደው፣ ስሕተቱ በቀላሉ አለመታየቱ ነው። ነጥቡ ባሕር ውስጥ ቢወድቅ ማንም ይስቅበት ነበር፤ ሐረርጌ ግን እሱም ቡና አብቃይ ደጋና ወይና ደጋ ነው፣ ካርታው ላይ ሲያዩት ምንም አያስደነግጥም።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። ቀላሉ፣ ፖይንት በጻፋችሁ ቁጥር ዞኑን ከፊቱ መጻፍ ነው። ሁለተኛው፣ መሥሪያ ቤታችሁ ሁሉን ነገር በ37 የሚፈልግ ከሆነ፣ ማሽኑ ላይ የራሳችሁን ግሪድ መሙላት ነው፦ መሀል መስመር 39 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ስኬል 0.9996፣ ፎልስ ኢስቲንግ 500,000፣ ፎልስ ኖርዚንግ 0። ያኔ ጊምቢ 152 ሺህ ገደማ፣ ደምቢ ዶሎ ከ40 ሺህ በታች ሆነው ያለ ዝላይ ይነበባሉ። ይህን አንድ ጊዜ ለመሙላት ሻይ እስኪቀርብ ያለው ጊዜ ይበቃል።

ዳተሙ ደግሞ ሌላ ነው። የድሮው 1፡50,000 የሀገራችን ካርታ የተሠራው አዲንዳን በሚባል ዳተም ነው፤ መነሻ ነጥቡ ከእኛ ርቆ በግብፅና በሱዳን ወሰን፣ በኑቢያ ምድር ያለ ቦታ ነው። ማሽኑ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚያነበው ግን በዓለም አቀፉ ደብሊውጂኤስ 84 ነው። ሁለቱን ካደባለቃችሁ ወለጋ ላይ በዩቲኤም ቁጥሩ ወደ ሰሜን 200 ሜትር፣ ወደ ምሥራቅ 90 ሜትር ያህል ይስታል። ተራራ ለሚወጣ ሰው 200 ሜትር ምንም አይደለም ትሉ ይሆናል፤ በጭጋግ ውስጥ ከገደሉ በየትኛው ወገን እንደቆማችሁ የሚወስነው እሱ ነው። አዲንዳን ማሽኑ ውስጥ አለ፤ በ“አ” ስለሚጀምር ከዝርዝሩ አናት አካባቢ ታገኙታላችሁ። በወረቀት ካርታ ስትሠሩ አዲንዳን፣ ከስልክና ከኮምፒውተር ካርታ ጋር ስትሠሩ ደብሊውጂኤስ 84። በዲግሪ ለሚጽፉም አንዲት ቃል፦ 9 ዲግሪ ከ05 ደቂቃ ማለት 9.05 ማለት አይደለም። 9.083 ነው፤ ልዩነቱ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ይህ ሁሉ የካርታ ሰዎች ጭቅጭቅ የሚመስለው ካለ የቡና ነጋዴውን ይጠይቅ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.አ.አ. ያጸደቀው የደን ጭፍጨፋ ደንብ፣ ወደ ገበያው የሚገባ ቡና የበቀለበትን መሬት ኮኦርዲኔት ይጠይቃል፤ ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ መሬት ደግሞ ዙሪያው መነሣት አለበት። ለቀምቲ በሚል የንግድ ስም ዓለም የሚያውቀው ቡናችን ሐረርጌ በሚያርፍ ኮኦርዲኔት ቢላክ ምን እንደሚከተል እናንተው አስቡት።

መሬት መለካትን በተመለከተ ማሽኑ ያለ ጥፋቱ ይታማል። በ2013 እ.አ.አ. የማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲና የዓለም ባንክ ባለሙያዎች ምሥራቅ ወለጋን ጨምሮ በኦሮሚያ ዞኖች የገበሬ ማሳ በጂፒኤስም፣ በኮምፓስና በገመድም ለክተው ነበር። ገመዱ ብዙ እጥፍ ጊዜ ይወስዳል፤ የጂፒኤሱ ውጤት ደግሞ ለስታትስቲክስ ሥራ ከእሱ ብዙም አይርቅም። በግምት የሚነገረው ነው ጉዱ፤ ሰው ትንሽ ማሳውን አብልጦ፣ ትልቁን አሳንሶ ይናገራል። ነገር ግን ለስታትስቲክስ በቃ ማለት ለድንበር ክርክር በቃ ማለት አይደለም። በ5 ሜትር የሚስት ማሽን ይዛችሁ ሁለት ወንድማማቾች መሀል አጥር አትትከሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከሞዴሉም ከዳተሙም በላይ ሊጠቅማችሁ ይችላል። በአካባቢያችን ባለው ሁኔታ፣ አንቴና ያላት ማሽን ይዞ ጥግ ጥጉን የሚዞር እንግዳ ጥርጣሬ ቢያስነሣ አይገርምም። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያዙ፣ መጀመሪያ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ራሳችሁን አስተዋውቁ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱን ይዛችሁ ውጡ፤ ማሽኗንም አሳዩአቸው። ከውጭ ለማስመጣት ያሰባችሁ ደግሞ ሳትገዙ ጉምሩክን ጠይቁ።

እንግዲህ ፍርዴ፦ ለሜዳ፣ ለእርሻና ለእግር ጉዞ ያገለገለች ኢትሬክስ 10 ትበቃለች። ስክሪኗ ላይ ዝርዝር ካርታ ለሚፈልግ ኢትሬክስ 22ኤክስ፣ ኮምቶን በመሰለ ጫካ ውስጥ ለሚውል ጂፒኤስማፕ 65። ያገለገለ ስትገዙ ሱቁ ውስጥ አትፈትኑት፤ ወደ ደጅ አውጡት፣ ሳተላይት እስኪይዝ ጠብቁ፣ የባትሪውን ክዳን ከፍታችሁ ዝገት ፈልጉ፣ የጎኑ ላስቲክ መላቀቁን ዳብሱ። ኢትሬክሶቹ የሚፈልጉት ሚኒ ዩኤስቢ የሚባለውን የድሮ ገመድ ነው፤ የስልካችሁ ገመድ አይገባባቸውም። ገመዱን ሳትቀበሉ ብር አትቁጠሩ።