የከተማ ቈሻሻ ውሃና የቦስተን ትምህርት

በመጸዳጃ ቤት፥ በማድ ቤትና በልብስ ማጠቢያ ያገለገለ ውሃ በቧንቧ ወርዶ ከዓይን በተሰወረ ጊዜ፥ ብዙ ሰው ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን አላለቀም። ውሃው የተስቦን፥ የተቅማጥንና የኮሌራን ተሐዋስያን ሊሸከም ይችላልና፥ ሳይጣራ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ባሕር ከገባ በመጠጥ፥ በአትክልትና በመታጠቢያ በኩል ወደ ሰው ይመለሳል። ስለዚህ የቈሻሻ ውሃ ማጣሪያ ከሐኪም ቤት ባላነሰ የሕዝብን ጤና የሚጠብቅ ተቋም ነው። የዚህን ሥራ ክብደትና ማዘግየቱ የሚያስከትለውን ጉዳት ለመረዳት፥ በአሜሪካ የምትገኘውን የቦስተንን ከተማ ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። ዓመታቱ በአውሮጳ አቈጣጠር ተጽፈዋል።

ቦስተንና አካባቢዋ ሁለት ማጣሪያዎች ነበሯቸው፤ አንዱ በ1952 በነት አይላንድ፥ ሌላው በ1968 በዲር አይላንድ ሥራ የጀመሩ ናቸው። የሁለቱም ዋና ሥራ ከባዱን ቈሻሻ አዝቅጦ ከላይ የቀረውን ውሃ መልቀቅ ነበር። ዝቃጩም የባሕሩ ውሃ ወደ ኋላ በሚሸሽበት ሰዓት ወደ ወደቡ ይለቀቅ ነበር፤ ይሁን እንጂ ውሃው ሲመለስ ከዝቃጩ ብዙውን ይዞት ይመጣ ነበር።

በ1972 የወጣው የአሜሪካ የውሃ ንጽሕና ሕግ ሁለተኛ ደረጃ ማጣራትን አዘዘ። ይህም ማለት አየር ወይም ኦክሲጅን እየተሰጣቸው የሚራቡ ጠቃሚ ተሐዋስያን በውሃው ውስጥ የሟሟውን ቈሻሻ እንዲበሉት ማድረግ ነው። የቦስተን ባለሥልጣኖች ግን ወጪውን ፈርተው ከዚህ ግዴታ ነፃ እንዲሆኑ አመለከቱ። ጥያቄው ሲጻፍና ሲመረመር ዓመታት አለፉ፤ በመጨረሻም ተቀባይነት አጣ። በዚህ መካከል የማዕከላዊው መንግሥት ለእንዲህ ያለ ሥራ ይሰጠው የነበረው ከፍተኛ እርዳታ ቀነሰ።

በ1982 የጐረቤቲቱ የኩዊንሲ ከተማ የሕግ ሹም ዊሊያም ጎልደን በባሕር ዳር ሲሮጡ የሰው ዓይነ ምድር ረገጡ። ከተማይቱም ክስ አቀረበች፤ ነገሩ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ደርሶ፥ ሥራው በተወሰነ የጊዜ ሰሌዳ እንዲፈጸም ታዘዘ። በ1985 ሥራውን የተረከበው አዲስ የውሃ ባለሥልጣን ግንባታውን በዲር አይላንድ ለማድረግ ወሰነ።

ዕቅዱ ስለ መሣሪያ ብቻ አልነበረም። ወደ ስፍራው የሚያደርሰው የየብስ መንገድ ዊንትሮፕ በምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ የሚያልፍ ስለ ሆነ፥ ነዋሪዎቹ በከባድ መኪና ብዛት እንዳይጐዱ ሠራተኛውም ዕቃውም በአብዛኛው በጀልባ እንዲጓጓዝ ተደረገ። በስፍራው የነበረው ወህኒ ቤትም ተነሣ። ዝቃጩ የሚብላላባቸው እንቍላል የመሰሉ 12 ታላላቅ ጋኖች ተተከሉ፤ ቅርጻቸው እንዲህ የሆነው በውስጣቸው ያለው በደንብ እንዲደባለቅና ከታች ደለል እንዳይከማች ነው። ከጋኖቹ የሚወጣው ጋዝ ለሙቀትና ለኤሌክትሪክ ኃይል ያገለግላል፤ ዝቃጩም ደርቆ ማዳበሪያ ይሆናል። የተጣራውም ውሃ ከባሕሩ ወለል በታች በተቈፈረ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ዋሻ ወደ ጥልቁ ባሕር ይሄዳል።

ዝቃጭን ወደ ወደቡ መልቀቅ በ1991 ቆመ፤ አዲሱ ማጣሪያ በ1995 ሥራ ጀመረ፤ ሁለተኛው ደረጃ ከ1997 ጀምሮ በየተራ ተጨመረ፤ ዋሻውም በ2000 ተከፈተ። ነገር ግን ይህ ያለ መሥዋዕትነት አልተገኘም። በ1999 ሁለት ጠላቂ ሠራተኞች በዋሻው ውስጥ የሚተነፍሱት አየር ተቋርጦባቸው ሞቱ። ወጪውም 3.8 ቢሊዮን ዶላር ያህል ደርሶ፥ አብዛኛው በየቤቱ የውሃ ሒሳብ ላይ ወደቀ። ዛሬ ግን ወደቡ ጠርቶ ሰው ይዋኝበታል፤ የባሕር እንስሳትም ተመልሰውበታል።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ቦስተን ወጪን ለማዳን ብላ ብትዘገይ ወጪው አልቀረላትም፤ የቀረባት እርዳታው ነው። ስለዚህ መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው ቢያስረዱ፥ የከተማ ሰዎችም ስለ ከተማቸው ዕቅድ በሚመከርበት ጊዜ «ውሃው ከየት ይመጣል?» ብለው እንደሚጠይቁ ሁሉ «ተጠቅመንበት ወዴት ይሄዳል?» ብለው ቢጠይቁ፥ ለጤናም ለገንዘብም ይበጃል።