የተሽከርካሪን አየር ማስገቢያ ከመቀየር በፊት ባለንብረቶች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

አንዳንድ የተሽከርካሪ ባለንብረቶች የመኪናቸውን ጉልበት ለመጨመርና የሞተሩን ድምፅ ለማጉላት በማሰብ፣ ከፋብሪካ የተገጠመውን የአየር ማጣሪያ ሣጥን አስነቅለው በምትኩ ሽፋን የሌለው ማጣሪያና ሰፊ ቱቦ ያስገጥማሉ። ሥራው በጋራዥ ውስጥ በአጭር ጊዜ የሚጠናቀቅ በመሆኑ ቀላል ለውጥ መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ በአግባቡ ያልተሠራ ለውጥ የሞተሩን ዕድሜ ሊያሳጥር፣ የነዳጅ ፍጆታን ሊጨምርና ባለንብረቱን ለከፍተኛ የጥገና ወጪ ሊዳርግ ይችላል። በተለይም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ በእጅ ያለን ተሽከርካሪ ሞተር ጠብቆ ማቆየት የላቀ ጠቀሜታ አለው።

የአየር ማስገቢያው ተግባር

የቤንዚን ሞተር አንድ ኪሎ ግራም ነዳጅ በተሟላ ሁኔታ ለማቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል። ይህ አየር ወደ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት በተለምዶ ፊልትሮ በሚባለው ማጣሪያ ውስጥ ያልፋል። በበርካታ ዘመናዊ መኪኖች ላይ ከማጣሪያው ቀጥሎ የሚገባውን አየር መጠን የሚለካ ሴንሰር ይገኛል። የሞተሩ ኮምፒውተር ምን ያህል ነዳጅ መረጨት እንዳለበት የሚወስነው ሴንሰሩ በሚልክለት መረጃ መሠረት ነው።

ማጣሪያውን የያዘው ሣጥን ሦስት አገልግሎቶችን በአንድነት ይሰጣል። አንደኛ፣ አየር ሳይጣራ በጎን እንዳይገባ ይከላከላል። ሁለተኛ፣ አየሩ ከኮፈኑ ሥር ካለው ሙቀት ተለይቶ ከውጭ እንዲመጣ ያደርጋል። ሦስተኛ፣ ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጠረውን ድምፅ ያፍናል።

ድምፅና ጉልበት የተለያዩ ስለመሆናቸው

ሞተሩ አየር በሳበ ቁጥር በቱቦው ውስጥ የግፊት ሞገድ ይፈጠራል። የፋብሪካው ሣጥንና ከጎኑ የሚቀጠሉት ባዶ ክፍሎች የተሠሩት ይህን ሞገድ እንዲያዳክሙ ነው። ሣጥኑ ሲነሣ ድምፁ ሳይታፈን ስለሚወጣ፣ አሽከርካሪው ነዳጅ በሰጠ ቁጥር ከፍ ያለ ጩኸት ይሰማል፤ በዚህም ምክንያት መኪናው የፈጠነ ሊመስለው ይችላል። ጉልበት በእርግጥ መጨመሩ የሚታወቀው ግን ከለውጡ በፊትና በኋላ በመሣሪያ በሚደረግ ልኬት እንጂ በጆሮ አይደለም።

የአየሩ ሙቀትም ሊታሰብበት ይገባል። ሽፋን የሌለው ማጣሪያ ከሞተሩ አጠገብ ሲገጠም የሚስበው የሞቀ አየር ነው። የአየር ሙቀት ከ30 ወደ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ ቢል የአየሩ እፍጋት በ9 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በመሆኑም ጉልበት ይጨምራል ተብሎ የተገጠመው ክፍት ማጣሪያ ጉልበት ሊቀንስ ይችላል።

የአገራችን መልክዓ ምድርና አየር ንብረት

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ ያህሉን ያጣል። ከመዲናዋ ወደ አዋሽ የሚወርድ መኪና እየበረታ የሚሄደውም በዚሁ ምክንያት ነው። በንጹሕ የፋብሪካ ማጣሪያ ምክንያት የሚጠፋው ግፊት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ በመሆኑ፣ በከፍታ የታጣውን ጉልበት ማጣሪያ በመቀየር መመለስ አይቻልም።

በበጋ ወራትና በጠጠር መንገዶች ላይ ዋነኛው ሥጋት አቧራ ነው። በደንብ ያልገጠመ ወይም ጥራቱ ያልተጠበቀ ማጣሪያ የሚያሳልፈው ደቃቅ አሸዋ የሲሊንደሩን ግድግዳና የፒስተን ቀለበቶችን ይፍቃል፤ ውጤቱም ሞተሩ ዘይት መብላቱና ጉልበት ማጣቱ ነው። ዘይት የሚቀባ ማጣሪያ ከሆነም፣ ዘይቱ ከመጠን በላይ ሲበዛ ሴንሰሩን ሸፍኖ የተሳሳተ ልኬት እንዲሰጥ ያደርጋል።

በክረምት ወራት ደግሞ የአየር ማስገቢያው አቀማመጥ ወሳኝ ይሆናል። ቀዝቃዛ አየር ለማግኘት ሲባል ማጣሪያውን ወደ ታች፣ ከመከላከያው ኋላ የሚያስቀምጡ አሠራሮች አሉ። መኪናው በጎርፍ ውስጥ ሲያልፍ ማጣሪያው ውኃ ውስጥ ከገባ ሞተሩ ውኃ ይስባል። ውኃ እንደ አየር ስለማይታመቅ የፒስተኑ ዘንግ ሊጣመም ወይም ሊሰበር ይችላል። እንዲህ ያለ ችግር ያጋጠመው መኪና ውኃው ሳይወጣ ሞተሩ ደግሞ እንዲነሣ መሞከር አይገባም።

ሕግንና ምርመራን በተመለከተ

በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ማድረግ ይጠበቅባቸዋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በበኩሉ የአየር ጥራትንና የድምፅ መጠንን የሚመለከቱ ደረጃዎች እንዲወጡ ይደነግጋል። የአየርና የነዳጅ ምጣኔው የተዛባ ሞተር የሚያወጣው ጭስ ሊበዛ ስለሚችል፣ ለውጡ ባለንብረቱን ብቻ ሳይሆን የአካባቢውን ነዋሪም ይመለከታል።

ለባለንብረቶች የሚሰጥ ምክር

በቅድሚያ ያለውን ማጣሪያ ማስፈተሽ ተገቢ ነው። የአሜሪካው ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጥናት፣ የተደፈነ ማጣሪያ በዘመናዊ የቤንዚን መኪኖች የነዳጅ ፍጆታ ላይ ጉልህ ለውጥ ባያመጣም የመፍጠን አቅማቸውን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ ጉልበቱ የቀነሰ መኪና የሚያስፈልገው አዲስ የፋብሪካ ማጣሪያ ብቻ ሊሆን ይችላል። አቧራማ በሆኑ አካባቢዎች የሚያሽከረክሩ ባለንብረቶች ማጣሪያውን አምራቹ ካስቀመጠው ጊዜ ቀደም ብለው ሊያስቀይሩ ይገባል።

ለውጡን ለማድረግ የወሰኑ ባለንብረቶች የሚከተሉትን ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል፦

– ማጣሪያው ለመኪናው ሞዴል የተሠራና ከሞተሩ ሙቀት የሚለይ ሽፋን ያለው መሆኑን፤
– የሴንሰሩ ማቀፊያ ስፋት ከፋብሪካው ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን፤
– ከሞተሩ የሚመጣው የትንፋሽ ቱቦ ክፍት ሳይተው በአግባቡ መቀጠሉን፤
– ከሥራው በኋላ በዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ብልሽት መብራት አለመብራቱን፤
– የተነቀለው ሣጥን ከነዕቃዎቹ መረከቡንና ለወደፊት መቀመጡን።

ማንኛውም ባለንብረት ሥራውን ከማስጀመሩ በፊት ተሽከርካሪው የተመዘገበበትን የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሊብሬውን ይዞ ቢያማክር፣ በዓመታዊው ምርመራ ወቅት ሊገጥመው ከሚችል እንግልትና ተጨማሪ ወጪ ይድናል።